ማትሪክስ ስዊቸሩ በሲሪያል አልታዘዝ ሲል

ማትሪክስ ስዊቸር ከብዙ የምስልና የድምፅ ምንጮች የፈለጋችሁትን ወደ ፈለጋችሁት ስክሪን የሚያገናኝ ማሽን ነው። የፊት ቁልፎቹን ስትጫኑ ምስሉ ይቀያየራል። ከላፕቶፕ በሲሪያል (አርኤስ-232) ኬብል ስታዙት ግን ጭጭ ይላል፣ ወይ የማይነበብ ነገር ይመልሳል፣ ወይ ደግሞ ስህተት ነው ይላችኋል። እያንዳንዱ መልስ የሚጠቁመው የተለየ ቦታ ነው። ስለዚህ የራሳችሁን ፕሮግራም ከመነካካታችሁ በፊት ፑቲ (PuTTY) የሚባለውን፣ ትእዛዝ ተይቦ መልሱን የሚያሳየውን ፕሮግራም ክፈቱና ስዊቸሩ ምን እንደሚመልስ እዩ።

ምሳሌዎቼ ኤክስትሮን (Extron) የሚባለው ኩባንያ ማትሪክስ ትእዛዞች ናቸው። 2*5! ማለት ኢንፑት 2ን ወደ አውትፑት 5 አገናኝ ማለት ነው፣ ምስልም ድምፅም። በ! ፋንታ % ከሆነ ምስል ብቻ፣ $ ከሆነ ድምፅ ብቻ ይሄዳል።

ጭጭ ካለ

መጀመሪያ ኬብሉን ጠርጥሩ። የስዊቸሩ ባለ 9 ፒን ሶኬት በፒን 2 ይልካል፣ በፒን 3 ይቀበላል፣ ፒን 5 ግራውንድ ነው። የላፕቶፑ ተገላቢጦሽ ነው፤ በ3 ልኮ በ2 ይቀበላል። ስለዚህ ቀጥታ ኬብል ይበቃል። ውስጡ 2 እና 3 የተጠላለፉበት ነል ሞደም ካስገባችሁ ላኪ ከላኪ፣ ተቀባይ ከተቀባይ ይገናኛል። ማን ማንን ይስማ? ሁለቱ ኬብሎች ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው፤ በቴስተር ለዩዋቸው። የአንዱ ጫፍ ፒን 2 ከሌላው ጫፍ ፒን 2 ጋር ከጮኸ ቀጥታ ነው።

ኬብሉ ደህና ከሆነ ተራው የዩኤስቢ አስማሚው ነው። ከስዊቸሩ ንቀሉትና ፒን 2 እና 3ን በትንሽ ሽቦ አገናኙ። የተየባችሁት ፑቲ ላይ ተመልሶ ከታየ አስማሚውም ድራይቨሩም ይሠራሉ። ሎካል ኤኮ (ፑቲ የተየባችሁትን ራሱ የሚያሳይበት ቅንብር) ግን መጥፋት አለበት፣ አለዚያ ፑቲ ራሱ ይሸውዳችኋል። ምንም ካልታየ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ግቡ። አስማሚውን ሌላ ቀዳዳ ላይ ስትሰኩት ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ አዲስ የኮም (COM) ፖርት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፑቲ ላይ ያስገባችሁት እሱ መሆኑን እዩ። ቢጫ ምልክትና ኮድ 10 ካያችሁ ቺፑ ፕሮሊፊክ የሚባለው ኩባንያ ቺፕ የተጭበረበረ ቅጂ ሊሆን ይችላል፤ አዳዲሶቹ ድራይቨሮች ቅጂውን አይቀበሉም። የድሮ ድራይቨር ስታስሱ ከማምሸት ሌላ አስማሚ መግዛት ይሻላል።

አንድ የምወደው ዘዴ አለ። ፑቲ ክፍት እንዳለ ስዊቸሩን አጥፍታችሁ አብሩት። ሲነሳ የኮፒራይት መልእክትና የፈርምዌር ቁጥሩን ራሱ ይልካል። ያ ከመጣ ከስዊቸሩ ወደ እናንተ ያለው መስመር ጤነኛ ነው፤ የቀረው የእናንተ መላኪያ፣ ማለትም ፒን 3 ነው። አዳራሹ ውስጥ ሰው ተቀምጦ እያየ ከሆነ ግን እንዳትሞክሩት።

የተዘበራረቀ ፊደል ከመጣ

ፍጥነቱ አልተጣጣመም። የፋብሪካው 9600፣ 8 ዳታ ቢት፣ ፓሪቲ የሌለው፣ 1 ስቶፕ ቢት ነው። በዚያ ካልሆነ ከእናንተ በፊት የነካው ሰው ቀይሮት ይሆናል፤ 19200፣ 38400፣ 115200 እያላችሁ ሞክሩ። አንዳንድ ፊደል ብቻ የሚበላሽ ከሆነ የኬብሉን ርዝመት እዩ። ለአርኤስ-232 ከ15 ሜትር በላይ መሄድ አይመከርም።

ስህተት ነው ካለ

ኢ01 (E01) የኢንፑት ቁጥሩ የለም፣ ኢ12 (E12) የአውትፑት ቁጥሩ የለም፣ ኢ10 (E10) ትእዛዙን አላውቀውም ማለት ነው። ኢ10 ካያችሁ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ መሆን አለመሆኑን አረጋግጡ። አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ለእኛ ነጥብና ኮማ ናቸው፣ ለስዊቸሩ ግን ባዕድ ናቸው። ከአማርኛ ማስታወሻ ላይ ኮፒ የተደረገ ትእዛዝም እንዲሁ ነው።

ነጥብና ኮማ ካነሳን አይቀር፣ 3. ማለት ፕሪሴት 3ን (ቀድሞ የተቀመጠ የግንኙነት አደራደር) አምጣ ነው። 3, ደግሞ አሁን ያለውን አደራደር ፕሪሴት 3 ላይ አስቀምጥ ነው። ሁለቱ ቁልፎች ጎን ለጎን ናቸው፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጠዋት ፕሪሴቱ ተበላሽቶ ከተገኘ መጀመሪያ ይህንን ጠርጥሩ።

ፑቲ ላይ ሠርቶ ፕሮግራማችሁ ላይ እምቢ ካለ

ፑቲን ዝጉት፤ አንድ የኮም ፖርት ሁለት ጌታ አይቀበልም። ከዚያ ፕሮግራሙ አንዱን ትእዛዝ ልኮ መልሱን ሳይጠብቅ ሌላውን እንዳያስከትል አድርጉ። ስዊቸሩ ሳይጠየቅም ስለሚናገር፣ የመጣው መስመር ሁሉ የእናንተ መልስ ነው ብላችሁ አትቁጠሩ።

ተቀብሎ ምስል ከሌለ

አውት5 ኢን2 ኦል (Out5 In2 All) ብሎ ከመለሰ ሲሪያሉን ልቀቁት። አውትፑት 5 ላይ የትኛው ምስል እንዳለ ለማወቅ 5% ብላችሁ ጠይቁ። 2 ካለ መንገዱ ተከፍቷል፤ ምንጩን፣ የኤችዲሲፒ (HDCP፣ የምስል ቅጂ መከላከያ) ጉዳይንና ስክሪኑ የማይቀበለው ሪዞሉሽን እንዳይሆን እዩ። ምስል ኖሮ ከጎረቤቱ ኢንፑት የሚመጣ ከሆነ የማሽኑን አቆጣጠር አጣሩ። ለምሳሌ የብላክማጂክ ቪዲዮሃብ የጽሑፍ ትእዛዝ ከ0 ይጀምራል፤ ጀርባው ላይ 1 ተብሎ የተጻፈው ሶኬት ለእሱ 0 ነው።