የፎር ዊል መኪና የፊት ሎኪንግ ሀብ፦ አፈታት፣ አጠባበቅና ማሻሻል

ሎኪንግ ሀብ ባለው መኪና ላይ የፎር ዊል ማርሽ ስለገባ ብቻ የፊት ጎማ አይጎትትም። ኃይሉ በፊት ዲፈረንሻል አልፎ ዘንጉን ያዞራል፤ ዘንጉንና ጎማውን የሚያገናኘው ግን ሀቡ ነው። ሀቡ ፊት ላይ ያለው በእጅ የሚዞር መያዣ «ሎክ» ላይ ሲሆን ውስጥ ያለው ተንሸራታች ባለ ጥርስ ቀለበት ሁለቱን ያያይዛል፤ «ፍሪ» ላይ ሲሆን ይለያያቸዋል። ቀለበቱ የሚንሸራተተው በቀጭን ሞላ ጉልበት ስለሆነ፣ ከብልሽቶቹ አብዛኞቹ የሚመጡት ከተሰበረ ብረት ሳይሆን ከቆሻሻ፣ ከውኃና ከበዛ ግራሶ ነው። አዲስ ሀብ ከመግዛት በፊት ያለውን ፈትቶ ማጽዳት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ከመፍታት በፊት ፈትሹ። የኋላ ጎማዎች መሬት ላይ ሆነው ፊትና ኋላቸው በድንጋይ ወይም በታኮ ይያዝ፤ የፊት ሁለቱ በክሪክ ተነሥተው ካቫሌቶ (የመኪና መደገፊያ ብረት) ላይ ይቀመጡ። ሞተሩን አጥፉ፣ ፎር ዊሉን አስገቡ፣ ሁለቱንም ሀብ ሎክ አድርጉ። ዲፈረንሻሉ ተራ (መቆለፊያ የሌለው) ከሆነ አንዱን ጎማ በእጅ ስታዞሩ ሌላው በተቃራኒ አቅጣጫ መዞር አለበት። ካልዞረ አንዱ ሀብ አልያዘም። ከዚያ ሁለቱንም ፍሪ አድርጋችሁ ድገሙት፤ ጎማው ሲዞር ዘንጉን ካስከተለ ያ ሀብ አልለቀቀም።

የሚከተለው አፈታት በብዙ ቶዮታዎች ላይ ያለውን ዓይነት ሀብ ይመለከታል፤ የሌሎቹም አሠራር ተቀራራቢ ነው። መያዣውን ፍሪ ላይ አድርጉና የክዳኑን ስድስት ትንንሽ ቦሎኖች በ10 ቁልፍ ፍቱ። ክዳኑ ሲወጣ የዘንጉ ጫፍና ስናፕ ሪንጉ (ዘንጉ ጫፍ ላይ የተሰካው ክፍት ቀለበት) ይታያሉ። ስናፕ ሪንጉን በራሱ ፒንሳ አውጡት፤ በካቻቪቴ ከተፈለቀቀ ይጣመማል ወይም ተስፈንጥሮ ዓይን ይመታል። የዘንጉ ጫፍ ላይ ጥርስ ያለው ቀዳዳ ካለ፣ የሚገጥመውን ቦሎን አስገብታችሁ ዘንጉን ወደ ውጭ ሳብ አድርጉ፤ ስናፕ ሪንጉ ወዲያው ነጻ ይሆናል።

አስቸጋሪው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው። የሀቡን አካል የያዙት ዳዶዎች ሥር፣ ስታዶቹ (ዳዶ የሚታሰርባቸው የተተከሉ ባለ ጥርስ ብረቶች) ላይ የተሰኩ ሾጣጣ ሮንዴላዎች አሉ። ዳዶው ቢወጣም ሮንዴላው ቀዳዳው ውስጥ እንደ ሽብልቅ ተጣብቆ ይቀራል፣ ሀቡም አይነቃነቅም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ካቻቪቴ በሎኪንግ ሀቡና በጎማው ሀብ (ጎማው በሚታሰርበት አካል) መካከል ይሰነቅራል። ይህ ጋስኬቱ (በመካከላቸው ያለው ስስ ማሸጊያ) የሚያርፍበትን ገጽ ይፍቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም ጋስኬት ብትቀይሩ ውኃ መግባቱ አይቀርም።

ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው። ዳዶውን አላሉትና ገጹ ከስታዱ ጫፍ ጋር እኩል ሲሆን አቁሙ፤ እዚያ መቆየቱ የስታዱን ጥርስ ይጠብቃል። የነሐስ ዘንግ ስታዱ ጫፍ ላይ አሳርፋችሁ በመዶሻ አጭርና ጠንከር ያለ ምት ምቱት። ሮንዴላው ሲላቀቅ የምቱ ድምፅ ይለወጣል፣ ሮንዴላውም ወደ ዳዶው ብቅ ይላል። እምቢ ካለ ዝገት የሚያለቅቅ ዘይት ነፍታችሁ ጥቂት ቆዩና የሀቡን አካል በጎኑ እየዞራችሁ መታ መታ አድርጉ። ሮንዴላው በአንድ በኩል የተሰነጠቀ ስለሆነ፣ ብቅ ካለ በኋላ ስንጥቁን በቀጭን ካቻቪቴ ከፈት ማድረግ ይቻላል። በብረት መዶሻ በቀጥታ የተመታ ስታድ ግን ጫፉ ይደፈጠጥና ዳዶው መውጫ ያጣል።

ክፍሎቹን በነጭ ጋዝ እጠቡ፤ ቤንዚን እሳት በቀላሉ ስለሚያስነሣ አትጠቀሙ። የወጣው ግራሶ ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል። ቀጭን የዲፈረንሻል ዘይት ካገኛችሁ ደግሞ ችግሩ ያለው ከኋላ ነው፣ የአክስሉ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) አልቋል። የተንሸራታቹ ቀለበት ጥርሶች ጠርዝ ከተሞላለጨ ቀለበቱ ጭነት ሲመጣ ያመልጣልና ይቀየር። የመያዣው ቀጭን የጎማ ቀለበትም ከደረቀ እንደዚያው።

ግራሶ ላይ ቁጥብ ሁኑ። ጥርሶቹና ተንሸራታች ገጾቹ ላይ በጣት የተቀባ ስስ ሽፋን ይበቃል። ሀቡን በግራሶ ሞልቶ ውኃን መከላከል የሚለው ልማድ ስሕተት ነው፦ ወፍራሙ ግራሶ፣ በተለይ በብርድ ጊዜ፣ ሞላውን ያሸንፈዋል፤ ቀለበቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ በግማሽ የተያያዙ ጥርሶች ደግሞ ዳገት ላይ ይላጫሉ። ውኃን የሚከለክለው ጋስኬቱ ነው፣ እሱን ሁልጊዜ በአዲስ ተኩ።

ሀቡ ሲወጣ የጎማውን ኩሽኔታ ማየትም ቀላል ነው። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙ፤ ከተንቀጫቀጨ ይጠበቅ። ለኩሽኔታው ዳዶ በብዙ ቶዮታዎች ባለ 54 ሚሊ ሜትር ሶኬት ያስፈልጋል። በመሮ እየመቱ ማጥበቅ የብረት ፍቅፋቂ ኩሽኔታው ውስጥ ይጥላል።

ስትገጥሙ የሀቡን አካል የሚይዙትን ዳዶዎች በተቃራኒ ጥንድ ጥንድ አጥብቁ፤ ባለ 12 ቁልፍ ዳዶ ባላቸው ሂሉክሶች 31 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፣ ለሌላው የመኪናውን መመሪያ እዩ። የላላ ዳዶ የተሰበረ ስታድ መነሻ ነው፤ መያያዣው ሲላላ ሀቡ መንሸራተት ይጀምራል፣ ቀዳዳዎቹም ይሞላለላሉ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ በቶርክ ቁልፍ ደግማችሁ ፈትሹ።

ክዳኑን ስትመልሱ መያዣው ፍሪ ላይ ይሁን፤ የክዳኑ ጆሮዎችም አካሉ ላይ ጥርስ ከሌለባቸው ቦታዎች ጋር ይግጠሙ። ክዳኑ በእጅ ግፊት ብቻ ሙሉ በሙሉ መቀመጥ አለበት። ክፍተት ከቀረ በቦሎን ስባችሁ አታስገቡት፣ ውስጡ ይሰበራል፤ አውጡና እንደገና አስተካክሉ። ትንንሾቹ ቦሎኖች 10 ኒውተን ሜትር ብቻ ይፈልጋሉ።

ማሻሻል ከፈለጋችሁ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው አውቶማቲክ ሀብን በእጅ በሚዞር መተካት ነው። ብዙ አውቶማቲኮች የሚይዙት ዘንጉ ሲዞር ስለሆነ፣ በቁልቁለት ሞተር ሲይዝ ለቅቀው እንደገና ሊይዙ ይችላሉ። ከመግዛት በፊት የዘንጉን ጥርሶችና የቦሎኖቹን ብዛት ቁጠሩ፤ አንዳንድ መኪና ላይ የኩሽኔታው ዳዶም አብሮ ይቀየራል። ከላስቲክ መያዣ ሙሉ ብረት የሆነውን ምረጡ። ጠንካራ ስታዶችም ዋጋቸውን ያወጣሉ። ሀቡን አውጥቶ ዘንጉንና ጎማውን ሁልጊዜ የሚያያይዝ ቋሚ ፍላንጅ ማሰር ግን ለዕለት ተዕለት መኪና አይመከርም፦ የፊት ዘንግና ዲፈረንሻል ሁልጊዜ ይዞራሉ፣ ቀድሞ ሀቡ ላይ ይደርስ የነበረው ስብራትም ወደ ዘንጉ መገጣጠሚያ ይሄዳል፤ እሱን መቀየር ደግሞ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው።

ሀቡን የምታዞሩት መኪናው ቆሞ ነው፣ ሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ይሁኑ። በወር አንድ ጊዜ ሎክ አድርጋችሁ፣ ፎር ዊል አስገብታችሁ በአፈር መንገድ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱ፤ የፊቱ ክፍል ዘይት ያገኛል። መያዣው እምቢ ካለ በፒንሳ አትታገሉት። ፎር ዊሉን አውጡና መኪናውን ወደ ኋላ አንድ ሁለት ሜትር ሂዱ፤ ጥርሶቹ ላይ ያለው ጫና ሲነሣ በጣት ይዞራል።