ፈረስን ለድሬሳጅና ለዝላይ ጋላቢዎች ሲሸጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ለሁሉም ዓይነት ግልቢያ ይሆናል» ብሎ መጻፍ

በእንግሊዝ ኮርቻ የሚጋልቡ ሁሉ አንድ ፈረስ አይፈልጉም። የድሬሳጅ (ፈረሱ በጋላቢው ትእዛዝ አካሄዱን በስልት የሚያሳይበት ውድድር) ጋላቢ የእርምጃውን፣ የሶምሶማውንና የደንገላሳውን ጥራት፣ ቀጥሎም ወደ ጎን መራመድ መቻሉን ያያል። የመሰናክል ዝላይ ተወዳዳሪ እንጨት ላለመንካት የሚጠነቀቅና በጠባብ ቦታ ፈጥኖ የሚታጠፍ ይሻል። ሀንተር በሚባለው ዘርፍ የሚዳኘው የአዘላለሉ ውበትና የማይዛነፍ ምቱ ስለሆነ ችኩል ፈረስ አይመረጥም። ኢቨንቲንግ ሦስት ፈተናዎችን፣ ማለትም ድሬሳጅን፣ አገር አቋራጭ ግልቢያንና የመሰናክል ዝላይን ስለሚያጣምር፣ በአገር አቋራጩ ውሃና ቦይ ሲያይ ማመንታት አለማመንታቱ ይጠየቃል። አንዱን ዘርፍ ይምረጡና በዚያው ቋንቋ ይጻፉ። ከዘርፉም በላይ ፈረሱ ለጀማሪ ይሁን ለልምድ ላለው ጋላቢ መግለጽ ከብዙ አላስፈላጊ ስልክ ያድናል።

ልምምድን ከውድድር ማደባለቅ

«1.10 ሜትር ይዘላል» ሲባል ገዢው የሚረዳው ፈረሱ በዚያ ከፍታ ሙሉ ውድድር መጨረሱን ነው። በራስ ሜዳ አንድ እንጨት አልፎ ከሆነ «በልምምድ 1.10፣ በውድድር 90 ሴንቲ ሜትር» ተብሎ ይጻፍ። የተመዘገበበትን ስምም ያስቀምጡ፤ ገዢው ውጤቱን ፈልጎ ማግኘቱ አይቀርም።

ቁመትን በግምት መናገር

ቁመት የሚለካው ፈረሱ በደልዳላ መሬት ቆሞ፣ ጋማው ከሚያልቅበት የትከሻ ጉብታ እስከ መሬት ነው። በ«እጅ» ሲጻፍ አንድ እጅ 4 ኢንች ስለሆነ 16.2 ማለት 16 እጅ ከ2 ኢንች፣ ወደ 168 ሴንቲ ሜትር ነው። 15.5 የሚል ቁመት የለም፤ ይህን የጻፈ ሻጭ አለመለካቱን ራሱ መስክሯል። በፖኒ (ቁመቱ አነስተኛ የሆነ ፈረስ) ወሰን አካባቢ ላለ ፈረስ ነገሩ ይከብዳል። በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ፖኒ ያለ ብረት ጫማ ከ148 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ፈረሱን ከምድቡ ሊያስወጣው ይችላል።

ከቅርብ በስልክ ፎቶ ማንሳት

ከፊቱ ተጠግተው ሲያነሱ ጭንቅላቱ ይገዝፋል፣ የኋላ አካሉ ይኮሰምናል። ራቅ ብለው፣ ካሜራውን ከሆዱ ከፍታ ጋር አስተካክለው፣ ከጎን ያንሱት። አራቱም እግሮች ለየብቻ ይታዩ፣ ሰኮናው በሣር አይሸፈን፣ ጆሮው ወደ ፊት ይቁም።

ቪዲዮን ማሳመር

ብዙ ገዢ የሚጠፋው እዚህ ነው። ሙዚቃ መጨመር ትልቁ ጥፋት ነው፤ የሚያውቅ ሰው ቪዲዮውን በጆሮውም ያያልና። እርምጃ አራት ምት፣ ሶምሶማ ሁለት፣ ደንገላሳ ሦስት ምት አለው፤ የተዛባ ምት ከሰኮናው ድምፅ ይታወቃል። አዝጋሚ ምስል ደግሞ ምቱን ጨርሶ ይደብቀዋል።

በአንድ አቅጣጫ ብቻ መቅረጽም ጥርጣሬ ይጋብዛል። በደንገላሳ ወደ ግራ ሲዞር የግራ የፊት እግሩ፣ ወደ ቀኝ ሲሆን የቀኙ መምራት አለበት፤ የቀኙ ዙር ከሌለ ገዢው «እዚያ ችግር አለ» ብሎ ይደመድማል። ሦስቱን አካሄዶች በሁለቱም አቅጣጫ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ጭምር፣ ሳይቆራርጡ ይቅረጹ። ዝላዩን ከጎንም ከፊትም ያሳዩ፤ ከፊት ሲታይ ጉልበቶቹ እኩል መነሣታቸውና ቀጥ ብሎ መዝለሉ ይለያል። ስልኩን አግድም ይያዙ። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ገዢው ከመምጣቱ በፊት ማድከም

ላብ ያጠለቀው ፈረስ ሲጠብቀው ገዢው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ካልደከመ አይያዝም። ከጋጣ ሲወጣ፣ ሲቦረሽና ሲጫን ይየው። መጀመሪያ የእርስዎ ጋላቢ ይውጣበት፣ ከዚያ እሱ።

ጉድለትን ለሐኪሙ መተው

ከግዢ በፊት የሚመጣ የእንስሳት ሐኪም እግሩን ለአንድ ደቂቃ ያህል አጥፎ ይዞ ወዲያው በሶምሶማ ያስሮጠዋል፤ ያነክስ እንደሆነም ያያል። ራጅ ሊያነሣ፣ ማረጋጊያ ወይም ሕመም ማስታገሻ መውሰዱን ለማጣራትም ደም ሊወስድ ይችላል። እንጨት ነክሶ አየር የመዋጥ ወይም ጋጣ ውስጥ ግራና ቀኝ የመወዛወዝ ልማድ ካለው ገዢው መንገድ ሳይጀምር ይንገሩት። የቀድሞ ራጅ ካለ፣ ከተነሣበት ቀን ጋር ይላኩለት።