ክረምት ላይ ልጅ ይዞ መውጣት፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ሐምሌ ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ደሴ ጉም ትለብሳለች። ልጆች ደግሞ ቤት ውስጥ ከሶፋ ሶፋ ሲዘሉ ይውላሉ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ የጎረቤት ልጆችም ስለሚከተሉን ቅዳሜ ጠዋት ስንወጣ አንዳንዴ ሰባት ስምንት እንሆናለን። ክረምት ነው ተብሎ ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ቤት ሲዘጋበት አልወድም። መውጣት ጥሩ ነው፤ አወጣጥ ግን አለው።

ከሁሉ በፊት የሚያንገበግበኝን ልናገር፤ ወንዝ ነው።

ኮምቦልቻ ዘመድ ልንጠይቅ የወረድን ዕለት ነው። ፀሐይ ወጥቷል፤ ቦርከና ዳር ዳሩን ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ጠጠር ይለቅማሉ። እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ለታናሿ ዳቦ እቆርሳለሁ። አህያ የሚነዱ አንድ አባት አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ። «ልጄ፣ ልጆቹን ቶሎ አውጪያቸው። እስቲ ወደ ደሴ ዞር ብለሽ እዪ» አሉኝ። ዞር ስል ተራራው ጥቁር ብሏል። እኛ ጋ ጠብ አላለም። ያን ያህል ሳላምንበት፣ ሽማግሌ አክብሬ ብቻ ልጆቹን ጠራኋቸው።

ጫማ አስረን ሳንጨርስ ውሃው ቀለሙን ቀየረ። መጀመሪያ ቅጠልና ጭራሮ መጣ። ከዚያ ውሃው ጭቃ መሰለ። ከዚያ ድንጋይ እያንከባለለ ሲወርድ ድምፁ ተሰማን። ልጄ ጠጠር ሲለቅምበት የነበረው ቦታ ከዓይናችን ጠፋ። እኚያን አባት ላመሰግን ስነሳ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ።

ቦርከና ከኩታበር በኩል ተነስቶ፣ ደሴን አቋርጦ፣ በዶሮ መዝለያ ገደል ወርዶ ነው ኮምቦልቻ የሚደርሰው። ላይ ደሴ የዘነበው ዝናብ ታች ፀሐይ ወዳለበት ይመጣል። ራሳችሁ ላይ ያለው ሰማይ ስለ ወንዙ ምንም አይነግራችሁም። ይህን እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ያውቃል። እያወቀም ልጁን ውሃ ውስጥ አስገብቶ ስልኩን ሲነካካ በየክረምቱ አያለሁ። «ዝናብ የለም እኮ!» ይሉኛል። «ውሃው እኮ ትንሽ ነው!» ይሉኛል። እባካችሁ! ለእናንተ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ያለው ለ3 ዓመት ልጅ ወደ ጉልበት ይጠጋል፤ ፈጣን ውሃ ጉልበቱ ጋ ከደረሰ ይጥለዋል። ሐምሌና ነሐሴ ልጅ ወንዝ ውስጥ አታስገቡ። ደረቅ የሚመስል የጎርፍ መውረጃ ላይም ምንጣፍ አታንጥፉ። ውሃው ከደፈረሰ ወይም ቅጠል ማምጣት ከጀመረ ዕቃ ልሰብስብ አትበሉ፤ ልጅ ይዛችሁ ወደ ከፍታው ሩጡ። ከተማ ውስጥም ጎርፍ ሲሞላ ቦዩና መንገዱ አይለይም። እጁን ያዙት።

ሌላው ስህተት ሰው በራሱ ሰውነት የልጁን መለካቱ ነው። ይሄን እኔም ሠርቻለሁ። የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ከደሴ በላይ ያለውን የጦሳ ተራራ ዳገት ስወጣ በጣም ሞቆኝ ሹራቤን አወለቅኩ። እሱም የሞቀው መሰለኝ። ቤት ገብቼ ካልሲውን ሳወልቅ እግሩ በረዶ ሆኗል። ጣቶቹን በመዳፌ ይዤ እስኪሞቁ ድረስ እንባዬ ይወርድ ነበር። ዳገት የሚወጣ ሰው ይሞቀዋል። የታዘለ ልጅ ግን አይንቀሳቀስም፤ ንፋሱን ብቻ ይቀበላል። አሁን በየመሐሉ ቆም ብዬ እጄን አንገቱ ሥር አስገባለሁ። ጣቱ ትንሽ ቢቀዘቅዝ አልደነግጥም። ደረቱና አንገቱ ከቀዘቀዘ ወይም ልብሱ ከረጠበ ግን ወዲያው ወደ ቤት ነው። ትርፍ ካልሲ ሁልጊዜ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ያዘሉት ሕፃን ላይ ላስቲክ ጣል የሚያደርጉ አሉ። ፊቱን በፍጹም እንዳትሸፍኑ! ላስቲክ አየር አያስገባም። ልጁ ከጀርባችሁ ስለሆነ ሲታፈን አታዩትም። ጃንጥላ ያዙ፤ ከሌለ በረንዳ ተጠለሉ።

የኮምቦልቻ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን በቲሸርት ይዛችሁብን አትምጡ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ገደማ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ብርዱ በ4 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ከመኪና ሳትወርዱ ሹራቡን አልብሱት።

መንገዱን ካነሳሁ አይቀር፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት፣ ሐረጎን፣ ለሚያቋርጥ ልጅ ሲወጣ ሆዱን በወተት አትሙሉት። አንዲት ጎረቤቴ «እንዳይርበው» ብላ ሁለት ኩባያ አጠጥታው ወጣች። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ልጁ ሁሉንም እሷው ላይ መለሰው፤ እሷም እሱም ቀኑን ሙሉ እንደረጠቡ ዋሉ። ደረቅ ዳቦ ትንሽ ይብላ። መስኮት በኩል ይቀመጥና ሩቅ ያለውን ተራራ ይይ። ስልክ እንዳትሰጡት፤ ጥምዝ ላይ ስልክ ማየት ያባብስበታል።

ቆሎም እንዲሁ። እኛ ያለ ቆሎ መንገድ አንወጣም፤ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ቆሎም ኦቾሎኒም የሚያንቅ ነገር ነው። በተለይ እየሮጠ ወይም መኪናው እየነጠረ ሲበላ። ጭኮ ያዙለት፤ ሙዝ ያዙለት።

ከሰዓት በኋላ አትውጡ። የኛ አገር የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከምሳ በኋላ ነው የሚያወርደው። ሁለት ሰዓት ላይ ወጥታችሁ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ብትመለሱ ይሻላል።

ቦሩ ሜዳ ዓይነት ገላጣ ቦታ ላይ ሳላችሁ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ጨዋታው ያበቃል። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር ልጅ ሰብስባችሁ አትጠለሉ፤ መብረቅ የሚወደው እሱን ነው። ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ።

ሐይቅ ከተማ አጠገብ ወዳለው ሐይቅ የምትሄዱ፣ ጀልባ ላይ ለልጁ የሚሆን የደህንነት ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። የሐይቁ ጥልቀት ከ80 ሜትር ያልፋል። የትልቅ ሰው ጃኬት ትንሽ ልጅን አይዝም፤ ውሃ ውስጥ በጭንቅላቱ በኩል ይወልቃል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደግሞ ሴቶች አይገቡም። ይህን ለልጆቻችሁ ቤት ሳላችሁ ንገሯቸው። ወንድሟ ሲገባ በሩ ላይ የቀረች የ6 ዓመት ልጅ እንዴት እንዳለቀሰች አይቻለሁ፤ አስቀድሞ የነገራት ሰው አልነበረም።

የመጨረሻው የርቀት ነገር ነው። አባቶች ላይ ይበዛል፤ እኔም አላመለጥኩም። ባለፈው ክረምት የ4 ዓመቱን ልጄን ጦሳ ላይ አውጥቼ ከተማዋን ላሳየው ተነሳሁ። ጉሙ ከመምጣቱ በፊት እንድረስ ብዬ እጁን እየጎተትኩ ነው። መንገድ ላይ አንድ እርጥብ ድንጋይ ጋ ተቀመጠና እምቢ አለ። ተቆጣሁ። «እማ፣ ቤቷን ተሸክማ ነው የምትሄደው?» አለኝ። ቀንድ አውጣ አግኝቷል። ጎንበስ ስል ሁለቱን ቀንዶቿን አውጥታ ድንጋዩን ትወጣለች፤ ከኋላዋ የሚያብረቀርቅ መስመር ቀርቷል። ልጄ በጣቱ ሳይነካት፣ በአየር ላይ መንገዷን ይስላል። ግማሽ ሰዓት ተቀመጥን። ጉሙም መጣ፤ ከተማዋም አልታየችም። ማታ ለአባቱ ሲያወራ ስለ ጦሳ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ለዚህ ዕድሜ ልጅ ደርሶ መልስ የአንድ ሰዓት መንገድ ይበቃዋል። የተረፈውን ሰዓት ለመቆሚያ ያዙለት።