የሙዚየም ፍተሻ ከህክምና መሣሪያ ጋር፦ ችግርና መፍትሄ

አባቴ ፔስሜከር (ደረት ውስጥ የሚቀበር የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ከተገጠመለት በኋላ መጀመሪያ በሄድንበት ሙዚየም በር ላይ የተቸገርነው በመሣሪያው አልነበረም። የመሣሪያውን መታወቂያ ካርድ ቦርሳው ውስጥ ከትቶት ነበር፤ ቦርሳው ደግሞ ቀድሞት ኤክስሬይ ውስጥ ገባ። የብረት መፈተሻው በር ጮኸ። ፈታሹ «አባባ፣ ምን ይዘዋል?» ሲለው ባዶ ኪሱን ይደባብሳል፤ ካርዱ ማዶ ነው። ሰልፈኛው ማጉረምረም ሲጀምር የእጁ መንቀጥቀጥ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ካርዱን በእጅዎ ይያዙ፤ ቦርሳዎን ከማስረከብዎና በሩን ከመርገጥዎ በፊት ለፈታሹ ይንገሩ።

በሩ ይጮሃል፣ ኪስዎ ግን ባዶ ነው

በሩ በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥርና ብረት ሲያልፍበት የሚመጣውን ለውጥ ይለያል። የቀበቶ ዘለበትን ከሰው ሠራሽ ጉልበት ለይቶ አያውቅም። ለዳሌና ለጉልበት የሚገጠሙት የታይታኒየምና የኮባልት ክሮም አካላት ሊያስጮኹት ይችላሉ። እየተመለሱ ደጋግሞ ማለፍ ትርፉ ድካም ነው፤ ብረቱ ያለበትን ቦታ አሳይተው በእጅ እንዲፈትሹዎት ይጠይቁ። በቀዶ ሕክምና ሆዱ ላይ የሰገራ ወይም የሽንት መሰብሰቢያ ከረጢት የተደረገለት ሰውም የሰው ዓይን በማያርፍበት ቦታ፣ በተመሳሳይ ፆታ ሠራተኛ እንዲፈተሽ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ፔስሜከር ወይም ዲፊብሪሌተር (አደገኛ የልብ ምት መዛባትን በኤሌክትሪክ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) አለኝ፣ በሩ ያስፈራኛል

ብዙ ሰው በፍርሃት በሩ መሃል ቆም ይላል፤ አደጋው ግን መቆሙ ላይ ነው። በተለመደ እርምጃ ሲያልፉ መሣሪያው በመስኩ ውስጥ የሚቆየው ለቅጽበት ብቻ ስለሆነ የመታወክ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። በሩን ተደግፎ ወይም አጠገቡ ቆሞ የሚቆይ ሰው መሣሪያ ግን የውጪውን ምልክት የልብ ምት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ፔስሜከሩ ያን ጊዜ ምት መስጠቱን ሊያቋርጥ፣ ዲፊብሪሌተሩም ያለ ምክንያት ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ሳይቆሙና ሳይደገፉ ይለፉ። ማዞር ወይም የልብ ምት መዛባት ከተሰማዎት ፈጥነው ራቅ ይበሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲርቁ መሣሪያው ወደ ሥራው ይመለሳል። ካልተሻለዎት ሕክምና ይጠይቁ።

በእጅ የሚያዘው መፈተሻ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ደረት ላይ ተጠግቶ ሲመላለስ ይቆያልና። «ደረቴ ውስጥ የልብ መሣሪያ አለ፣ እባክዎ በእጅዎ ይፈትሹኝ» ማለት ይበቃል። የግድ ነው ከተባለም ደረትዎ ላይ እንዳያቆዩት ይንገሯቸው።

ከፍተሻው በኋላ ማንም የማያስታውሳቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የድምፅ አስጎብኚው ማዳመጫ ነው። ማዳመጫ ውስጥ ማግኔት አለ፤ ሰው ደግሞ ሥዕል ፊት ቆሞ ሲያወራ ከጆሮው አውርዶ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል፣ ልክ መሣሪያው ላይ። ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ያርቁት፤ ሲያወርዱት በእጅዎ ይያዙት። ሁለተኛው የሙዚየሙ መደብር መውጫ ላይ የሚተከለው የሌባ መከላከያ በር ነው። እሱም መስክ ይፈጥራል፣ ብዙ ጊዜም መጽሐፍ ለማገላበጥ የምንቆመው እዚያው አጠገብ ነው። ሌላ ቦታ ይቁሙ።

በሩን ሳልፍ ጀርባዬን ነዘረኝ

ለሕመም ማስታገሻ አከርካሪ አጠገብ የነርቭ ማነቃቂያ የተገጠመለት ሰው ይህ ሊያጋጥመው ይችላል፤ መስኩ የማነቃቂያውን ኃይል ለአፍታ ሊጨምረው ወይም ሊያጠፋው ይችላል። በሩን ትቶ በሌላ መንገድ ማለፍ ከተፈቀደ እሱ ይሻላል። ካልሆነ ሐኪምዎ የፈቀደልዎ ከሆነ አስቀድመው ያጥፉትና መሃል ለመሃል ይለፉ። መቆጣጠሪያውን ቦርሳ ውስጥ አይተዉት።

ኮክሌር ኢምፕላንት (በቀዶ ሕክምና ጆሮ ውስጥ የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ) ያለው ሰው በሩ ላይ የተዛባ ድምፅ ከሰማ ምክንያቱ ያው መስኩ ነው። ውጪ ያለውን ክፍል ለአፍታ ማጥፋት ይበቃል።

የኢንሱሊን ፓምፑን «አውልቁና ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡ» ተባልኩ

ፈታሹ ስልክ መስሎት ሊሆን ይችላል። በርከት ያሉ ፓምፖች በኤክስሬይ እንዳያልፉ አምራቾቻቸው ያስጠነቅቃሉ፤ የአንዳንዶቹ ደግሞ ችግር የለውም። የእርስዎን መመሪያ ከቤት ሳይወጡ ያንብቡ፤ «ከሰውነቴ ጋር የተያያዘ ነው፣ በእጅ ይታይልኝ» ይበሉ።

ከዚህ የሚከፋው ዕቃ ማስቀመጫው ነው። ቦርሳው ትልቅ ነው ተብሎ ሲቀመጥ ኢንሱሊኑም ጣፋጩም አብሮ ይቆለፋል፤ ሰውየው ሦስተኛው አዳራሽ ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋል። የደም ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲሊትር ሲወርድ ቶሎ የሚሠራ 15 ግራም ስኳር ወስዶ፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ ዳግም መለካት ነው የሚያስፈልገው፤ ቁልፍ ፍለጋ ደረጃ መውረድ አይደለም። መድኃኒቱን፣ መለኪያውንና ጣፋጩን በትንሽ ከረጢት ለይተው ይዘው ይግቡ። ምግብ አይገባም ካሉዎት «የስኳር ሕመም አለብኝ፣ ይህ መድኃኒቴ ነው» ብለው ያስረዱ፤ ፈታሹ ካልተስማማ ኃላፊውን ያስጠሩ። ከረጢቱን ግን ከእጅዎ አይልቀቁ።