ከባሕር ዳርና ከቡሬ ሥራ አንዱን እንዴት እንደመረጥኩ

ፍኖተ ሰላም ቁጭ ብዬ ሥራ ስፈልግ ከርሜ፣ በአንድ ሳምንት ሁለት ጥሪ መጣልኝ። ሁለቱም የሒሳብ ሠራተኛነት ነው፤ አንዱ ባሕር ዳር በ20,000 ብር፣ ሌላው ቡሬ በ16,000። አባቴ «ሁለት ባላ ትከል» ይላል፤ እዚህ ላይ ግን በሁለቱም መንጠልጠል አይቻልም። ባሕር ዳሮቹ ደግሞ የሰጡኝ ሁለት ቀን ብቻ ነው።

የተሳሳትኩት ያልተጣራውን ደመወዝ ማወዳደሬ ላይ ነው። (የሒሳብ ሰው ሆኜ! እታለም እስካሁን ትስቅብኛለች።) ከሐምሌ 2017 ወዲህ በሚሠራበት የግብር ሠንጠረዥ፣ ከ14,000 ብር በላይ ካለው ላይ 35 በመቶ ይቆረጣል፤ ለጡረታ ደግሞ 7 በመቶ። ስለዚህ 20,000 እጄ ሲገባ 13,650፣ 16,000 ደግሞ 11,330 ነው። የ4,000 ብሩ ልዩነት 2,320 ሆኖ አረፈው። ባሕር ዳር አንዲት ክፍል በ5,000 ተባልኩ፤ ቡሬ ግን አክስቴ አለችልኝ። በገንዘብ በኩል ነገሩ አለቀ።

የቀረኝ ስጋት የሙከራ ጊዜው ነበር። ቡሬዎቹ በስልክ «ስድስት ወር» ብለውኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ግን ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም ይላል። ይህንኑ በትሕትና ጠቅሼ፣ ደመወዙም የሙከራ ጊዜውም በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ። በማግስቱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መጣ፤ 60 የሥራ ቀን ይላል። ባሕር ዳሮቹ ጋ ደውዬ አመሰገንኩ፤ ትንሽ ቅር አላቸው። ሰኞ ቡሬ ሥራ ጀመርኩ።