በሥራና በኑሮ ላይ ጥናት ስትሠሩ ልትጠነቀቁባቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ሙያ መላመድ አቅም (ሰው በሥራው ለሚገጥመው ለውጥና ችግር ራሱን ስለማዘጋጀቱ)፣ ሥራንና ቤትን አጣጥሞ ስለመያዝ የመመረቂያ ጽሑፍ ለመሥራት ያሰባችሁ ካላችሁ ርዕሱ ጥሩ ነው። ጎጃም ውስጥ የሚጠና ሰውም ሞልቷል። የደብረ ማርቆስ መምህር አለ፣ የሞጣ ነርስ አለች፣ የቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ አለ። ችግሩ ብዙው ጥናት ሽፋኑ ላይ ጎጃም ተብሎ ውስጡ ሌላ አገር መሆኑ ነው።

መላመድን ችሎ ከመኖር ጋር ማምታታት

ገጠር ቀበሌ የተመደበ መምህር “ምን ይደረጋል፣ ችዬ እኖራለሁ” ስላላችሁ ብቻ ከፍተኛ ነጥብ አትስጡት። የዘርፉ ዋና ተመራማሪ ማርክ ሳቪካስ አራት ነገር ነው የሚያየው። ሰውየው ስለ ነገው ያስባል ወይ? ውሳኔው በእጄ ነው ይላል ወይ? ሌላ አማራጭ ለማየት ይጓጓል ወይ? እወጣዋለሁ የሚል መተማመንስ አለው? መምህሩ ማታ ማታ በሶላር መብራት ለክረምት ኮርሱ እያነበበ ከሆነ እየተላመደ ነው። አንገቱን ደፍቶ ዝውውር ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ችሎ መኖሩ ነው። ሁለቱንም ብትጠይቋቸው “ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ነው የሚሏችሁ።

መጠይቁን እንዳለ ገልብጦ ማደል

ሳቪካስና ፖርፌሊ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት መለኪያ 24 ጥያቄዎች አሉት፤ ለአራቱ ነገሮች ስድስት ስድስት። የተሞከረው በ13 አገሮች ነው፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። ስለዚህ ወደ አማርኛ መልሱት፣ በጥቂት ሰው ሞክሩት፣ አስተማማኝነቱንም (ጥያቄዎቹ ምን ያህል ወጥ መልስ እንደሚሰጡ) እዚሁ በሰበሰባችሁት መረጃ አስሉ። ከሌላ አገር ጥናት ላይ ቁጥሩን መቅዳት ያስገምታል።

ቤት ማለት ትዳርና ልጅ ብቻ ነው ብሎ መነሳት

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ተመራማሪዎቹ ግሪንሃውስና ቢውቴል እ.ኤ.አ. በ1985 ሥራና ቤት በሦስት መንገድ እንደሚጋጩ ጽፈዋል፤ በጊዜ፣ በጭንቀትና በጠባይ። እስቲ ጊዜውን እንይ። ፍኖተ ሰላም ባንክ ቤት የምትሠራ አንዲት ገንዘብ ከፋይ እናስብ። ሒሳቡ አልዘጋ ብሎ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ወጣች። ቤቷ የራሷ ልጅ አለ፤ ለትምህርት ከገጠር የመጣች የእህቷ ልጅም አለች። እድርተኛ ሞቶባቸው ለቅሶ ቤት መድረስ አለባት፤ ብትቀር ከቅጣቱ ሐሜቱ ይብሳል። እሑድ ሰንበቴ አለ። ኅዳር ሲገባ ደግሞ እናቷ “ጤፉ ደርሷል፣ የሚያጭድ ሰው ጠፋ” ብላ ትደውላለች። መጠይቁ ግን “ለቤተሰብሽ በቂ ጊዜ አለሽ?” ብሎ ያልፋል። እሷም መሐል ላይ ያለችውን ቁጥር አክብባ ትገላገለዋለች።

ጠባዩን የሚጠይቅ ተማሪማ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ሲያዝ የዋለ አለቃ ማታ ሚስቱንም “ሪፖርቱ የታል?” በሚል ድምፅ ሲያናግር ሥራው ቤት ድረስ ተከትሎት ገብቷል ማለት ነው።

ቤትን ሸክም ብቻ አድርጎ ማየት

ይኸው ግሪንሃውስ ከፓወል ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2006 አንዱ ኃላፊነት ሌላውን ሊያግዝ እንደሚችል ጽፏል። ለዓመታት የእድር ገንዘብ ያዥ የነበረ ሰው ቢሮ ውስጥ ሒሳብና ጭቅጭቅ አያያዝ ይችልበታል። አማቷ ልጅ የያዙላትም እናት የማታ ትምህርቷን ትጨርሳለች። ይህንንም ጠይቁ።

መጠይቁን በአለቃ በኩል መሰብሰብ

“አለቃዬ ጫና ያበዛብኛል” የሚለውን ወረቀቱን መልሶ ለአለቃው የሚሰጥ ሰው እንዴት አድርጎ ያክብብ? የሚታሸግ ፖስታ ስጡ፤ ስም አታስጽፉ። ጊዜም ምረጡ። ባንክ በወር መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት በሰኔ ፈተና አይኬድም።

አንድ ጊዜ ጠይቆ “አስከተለ” ማለት

በአንድ ቀን የተሞላ መጠይቅ ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን ያሳያል። የቱ የቱን እንዳመጣ አይናገርም። የመላመድ አቅሙ ጥሩ ስለሆነ ነው ቤቱ ሰላም ያለው ወይስ ቤቱ ሰላም ስለሆነ?

ማንም ላይ የሚሠራ ምክረ ሐሳብ

“ድርጅቱ ስልጠና ቢሰጥ” የሚል ዓረፍተ ነገር ያለ ጥናትም ይጻፋል። ሕግ ስትጠቅሱም ማንን እንደሚመለከት እዩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ እናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት ደግሞ 3 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ይህ ለግል ባንክ ሠራተኛና ለቡሬው ፓርክ ፋብሪካ ሠራተኛ ይሠራል። የመንግሥት መምህርና ነርስ ግን በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ነው የሚተዳደሩት፤ አዋጁ የሥራ መሪዎችንም አይጨምርም። ገንዘብ ከፋይዋን ካጠናችሁ ስለ እሷ ጻፉ፦ ሒሳብ የሚዘጋው ተራ በተራ ቢሆን፣ ለቅሶ ያለባት ቀን ከባልደረባዋ ጋር ተራ ብትለዋወጥ፣ ፈቃዷን በአጨዳ ወቅት እንድታወጣ ዓመታዊ ፕሮግራሙ መስከረም ላይ ቢነገራት።