ቡችላችሁ ሰው መንከሱን እንዲተው፣ ያለ ዱላ

ቡችላ ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ያቅፈዋል ይስመዋል፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን የልጆቹ እጅ ተቦጫጭሮ የሽርጥ ጫፍ ተቀዶ ሰው በገዛ ግቢው በሸበጥ መሄድ እየፈራ "ይሄ ውሻ ኃይለኛ ሊሆን ነው መሰለኝ" መባል ይጀመራል። እኛም ጋ እንደዛ ነበር። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ነው የምንኖረው፣ ሦስት ቤተሰብ ያለበት ግቢ ነው፣ ቡችላው ቦቢ ይባላል፣ አሁን ስምንት ወሩ ነው፣ ካሮት ከህፃን ልጅ ጣት ላይ ጣቱን ሳይነካ ይቀበላል። እዚህ ለመድረስ ሁለት ወር ተኩል አካባቢ ፈጅቶብናል፣ የተሳሳትነውንም የሠራልንንም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን፣ ቡችላ ሲነክስ ተናዶ አይደለም። እጅ የለውም እኮ፣ የሚይዘውም የሚጫወተውም የሚያውቀውም ነገር ሁሉ በአፉ ነው። ከወንድምና እህቶቹ ጋር እያለ አጥብቆ ሲነክስ የተነከሰው ይጮህና ጥሎት ይሄዳል፣ ጨዋታው ያልቃል፣ እሱም "እንዲህ ስነክስ ብቻዬን እቀራለሁ" ብሎ ቀስ በቀስ አፉን ማላላት ይማራል። የወተት ጥርሱ በሦስት ሳምንቱ አካባቢ መውጣት ይጀምራል፣ እስከ ስምንት ሳምንት ያለው ጊዜ የዚህ ትምህርት ዋናው ጊዜ ነው። እኛ አገር ግን ቡችላ ብዙ ጊዜ ወር ሳይሞላው ወይ ገና ወር እንደሞላው በካርቶን ተደርጎ ለሰው ይሰጣል፣ ስለዚህ ወንድሞቹ የሚያስተምሩት ነገር እኛ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ገና ቡችላ ልታመጡ ያሰባችሁ ካላችሁ በናታችሁ ስምንት ሳምንት እስኪሞላው እናቱ ጋር ይቆይ፣ ሥራችሁ ግማሽ ይቀንሳል።

አሁን ዋናው ነገር። ጥርሱ ቆዳችሁን በነካ ሰዓት እጃችሁን መንጭቃችሁ አታውጡ፣ እጅ ሲሸሽ ለሱ እንደሚሮጥ አይጥ ነው፣ ይከተለዋል፣ ቆዳም የሚቀደደው ያኔ ነው። እጃችሁን ዝም አድርጉት፣ ደርቆ ይቅር፣ ድምፃችሁን ሳትጨምሩ አንድ ጊዜ "በቃ" በሉ፣ ከዛ ተነሱ፣ ጀርባችሁን ስጡት፣ እጃችሁን አጣጥፉ፣ አትዩት፣ አታናግሩት። በልባችሁ እስከ ሃያ ቁጠሩ። ቁርጭምጭሚታችሁን ተከትሎ ከነከሰ በሩን ከፍታችሁ ግቡና ዝጉበት፣ ያው ሃያ ሰከንድ ሰላሳ ሰከንድ ነው፣ ከዛ በላይ ካቆያችሁት ለምን እንደቀረ ይረሳዋል። ከዛ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመለሱና መንከስ የሚፈቀድለትን ነገር ስጡት፣ ያንን ሲይዝ "ጎበዝ!" ብላችሁ አብራችሁት ተጫወቱ። ድጋሚ ከነከሰ ድጋሚ ያው ነው። በአንድ ቀን አርባ ጊዜ ልታደርጉት ትችላላችሁ፣ እኛ አድርገናል፣ ያታክታል፣ ግን የሚሠራው ይሄ ነው።

የሚከብደው ዝም ማለቱ ነው። ቤተሰብ ውስጥ ቡችላ ሲነክስ ሁሉም ይጮሃል፣ ይስቃል፣ ያባርራል፣ "አንተ!" ይለዋል፣ ለቡችላው ይሄ ሁሉ ጨዋታ ነው፣ ፓርቲ አደረጋችሁለት ማለት ነው። "አይ!" ብሎ ቀጠን አድርጎ መጮህ ይሠራል የሚሉ ሰዎች አሉ፣ አንዳንዱ ቡችላ ላይ እውነት ይሠራል፣ ደንግጦ ይለቃል፣ ሌላው ግን ይብስበታል። አንድ ሁለት ቀን ሞክሩትና የናንተው ከየትኛው ወገን እንደሆነ እዩ፣ የኛው በጩኸት ጭራሽ ያብድ ስለነበር ወዲያው ተውነው።

ደግሞ ይሄን ቀድማችሁ እወቁ፣ ከጀመራችሁ በኋላ አምስት ስድስት ቀን ላይ ንክሻው ሊብስ ይችላል። በፊት በመንከስ የሚያገኘው ጨዋታ ሲቀርበት "ምናልባት አጥብቄ ብነክስ" ብሎ ይሞክራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "አልሠራም" ብሎ ወደ ጥፊው ይመለሳል። አትመለሱ፣ ያንን ሳምንት ካለፋችሁት ይወርዳል።

ስለ ጥፊው ልናገርና ልለፍ። አፍንጫውን መምታት፣ አፉን ጨምቆ መያዝ፣ ገልብጦ መሬት ላይ መጫን፣ ሚጥሚጣ አፉ ላይ መቀባት፣ ይሄን ሁሉ የሚመክራችሁ ሰው አታጡም። ቡችላው የሚማረው ግን "አልነክስም" ሳይሆን "እጅ ሲመጣ መጥፎ ነገር ይመጣል" ነው። ከዛ ሲያድግ አንድ ቀን ህፃን ልጅ ራሱን ሊዳስሰው እጁን ሲዘረጋ ቀድሞ ይነክሳል፣ ሰውም "በድንገት ነከሰ" ይላል፣ በድንገት አይደለም፣ አምስት ወር ሙሉ ስናስተምረው የነበረው ነው። ሲያጉረመርምም አትምቱት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያው ነው፣ በዱላ ካጠፋችሁበት ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ ነው የሚኖራችሁ።

አሁን ወደ ድሬ እንምጣ፣ ምክንያቱም ቪዲዮ ላይ የማይነግሯችሁ ሁለት ሦስት ነገር አለ።

አንደኛው ቋንቋ ነው። እኛ ግቢ ውስጥ ቦቢን እኔ "ተው" እለዋለሁ፣ የጎረቤት ልጆች በኦሮምኛ "ዲሲ" ይሉታል፣ እዛኛው ቤት ደግሞ በሶማሊኛ "እስካ ዳ" ይሉታል፣ ሁሉም ትርጉሙ ያው ነው ግን ለቡችላው ሦስት የተለያየ ድምፅ ነው፣ ሦስቱንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። አንድ ቀን ማታ ልጆቹን ሰብስበን አንድ ቃል መረጥን፣ "በቃ"፣ ሁሉም በዛው እንዲጠራ ተስማማን፣ በሳምንቱ ልዩነቱ ታየ። ቃሉ የየትኛውም ቋንቋ ይሁን ግድ የለም፣ አጭር ይሁን፣ ሁሉም ሰው ያንኑ ይበል፣ አንድ ሰው ብቻ "ለኔማ ይንከሰኝ አቦ፣ አያመኝም" እያለ በእጁ የሚያታግለው ካለ የሌላው ሁሉ ልፋት ገደል ገባ።

ሁለተኛው ጎረቤት ነው፣ ይሄን በደንብ ስሙኝ። ድሬም ሐረርም ላይ አብዛኛው ሙስሊም የሻፊዒ መዝሀብ (ከእስልምና የሕግ መንገዶች አንዱ) ተከታይ ነው፣ በዛ መሠረት የውሻ ምራቅ ልብስ ወይ ዕቃ ከነካ ሰባት ጊዜ መታጠብ አለበት፣ ከሰባቱ አንዱ በአፈር። ስለዚህ ለእናንተ "ኧረ ጥርሱ እንኳን አልገባም" የምትሉት ነገር ለጎረቤታችሁ ሶላት ሊሰግዱ ሲሉ ልብስ መቀየርና ማጠብ ነው። ግቢያችን ውስጥ አዴ የምንላቸው ትልቅ ሴት አሉ፣ ቦቢ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሁለቴ ይዞባቸዋል፣ ምንም ክፉ ቃል አልተናገሩም፣ በጣም ነው ያፈርኩት። ከዛ በኋላ ያደረግነው እንዲህ ነው፣ ቡችላው ግቢ ውስጥ ሲወጣ ሁሌ ቀለል ያለ ገመድ አንገቱ ላይ ይኖራል፣ አንድ ሰው ይይዘዋል፣ አዴ ከቤታቸው ሲወጡ ገመዱን እናሳጥርና ትንሽ ትንሽ የተቀቀለ ሥጋ መሬት ላይ እንበትንለታለን፣ እሱ እሱን ሲለቅም እሳቸው ያልፋሉ። ጥቂት ሳምንት እንደሄድን እሳቸውን ሲያይ ራሱ ቁጭ ብሎ ወደኛ መዞር ጀመረ፣ የሚወዛወዝ ቀሚስ ማለት ለሱ ወደኛ ዞሮ መብላት ሆነ ማለት ነው። በሶላት ሰዓት አካባቢ ደግሞ ቤት ውስጥ ይቆያል፣ በቃ።

ሦስተኛው ሙቀትና እንቅልፍ ነው፣ እኔ ይሄን ብቻ ቀድሜ ባውቅ ግማሹን ችግር እድን ነበር። ቡችላ በቀን ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ ሰዓት መተኛት አለበት። ያልተኛ ቡችላ እንደደከመው ህፃን ነው፣ ይነጫነጫል፣ የሱ መነጫነጭ ደግሞ መንከስ ነው። ድሬ ላይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ሙቀቱ ሰውንም ይጥላል፣ ሰው በርጫ ይቀመጣል ወይ ጋደም ይላል፣ ቡችላው ግን ቤት ውስጥ ሰው ሲገባ ሲወጣ ልጅ ሲቀሰቅሰው እንቅልፉ ይቆራረጣል። ከዛ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነፈስ ሲል ልጆች ለጨዋታ ይወጣሉ፣ እሱም እንቅልፍ ያጣ ቡችላ ሆኖ ይወጣል፣ ንክሻው ሁሉ የሚፈጠረው በዛች አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። እኛ የሚነክስበትን ሰዓት ስንጽፍ ነው ያወቅነው። ጥላ ያለበት አየር የሚገባበት ጥግ ፈልጉለት፣ ሲሚንቶው ቀዝቀዝ ያለበት፣ ውሃ አስቀምጡለት፣ ሲተኛ ማንም እንዳይነካው ልጆቹን አስምሏቸው፣ አንድ ሰዓት ያህል ነቅቶ ከተጫወተ መልሳችሁ አስተኙት። ምንም አድርጋችሁ አልረጋ ሲል፣ ዓይኑ ፈጦ ያገኘውን ሁሉ ሲነክስ፣ ትምህርት አያስፈልገውም፣ እንቅልፍ ነው የሚያስፈልገው።

ልጆቹን ደግሞ "ዛፍ" አስተምሯቸው። ቡችላው ሲዘልባቸው መሮጥና መንጫጫት ሳይሆን ባሉበት ቆመው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ወደ ላይ ማየት። የማይንቀሳቀስ ነገር ቡችላን ቶሎ ያሰለቸዋል። የአምስት ዓመት ልጅ ግን ይሄን ሁሌ ያስታውሳል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ትንሽ ልጅና ቡችላ ብቻቸውን አይቀመጡም፣ አንድ ትልቅ ሰው አጠገባቸው ይኑር።

የሚነከስ ነገር ለመግዛት ብር ማውጣት የግድ አይደለም። ያረጀ ጂንስ ቀዳችሁ እንደ ሹሩባ ጎንጉኑና ጫፍና ጫፉን ቋጥሩት፣ ረዘም አድርጉት እጃችሁ ከጥርሱ እንዲርቅ። ባዶ ሃይላንድ ይወዳል፣ ክዳኑንና ቀለበቱን ግን አውጡት እንዳይውጠው፣ መሰነጣጠቅ ሲጀምር ጣሉት። አሮጌ ጫማና ካልሲ አትስጡት፣ አሮጌውን ከአዲሱ አይለይም። የተቀቀለ አጥንትም አይሆንም፣ እየተሰነጠረ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። በነገራችን ላይ ሽልማት ብላችሁ ወጥ የነካው እንጀራ አትስጡት፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውሻን ይመርዛል።

አራት ወር አካባቢ ላይ "ትቶት ነበር እኮ፣ ምን ሆነ?" የምትሉበት ጊዜ ይመጣል። ጥርሱን እየቀየረ ነው፣ ሃያ ስምንቱ የወተት ጥርስ ወልቆ አርባ ሁለት ቋሚ ጥርስ ይተካል፣ ስድስት ሰባት ወር ላይ ያልቃል። ምንጣፍ ላይ ሩዝ የምታክል ጥርስ፣ የሚጫወትበት ላይም ትንሽ ደም ልታዩ ትችላላችሁ፣ ኖርማል ነው። ድዱ ስለሚያሳክከው ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ቋጥራችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡና ስጡት፣ ቀዝቃዛ ትልቅ ካሮትም ጥሩ ነው። በድሬ ሙቀት ደግሞ ሁለት ጥቅም ነው። ጨርቁን ሲያኝክ ግን አጠገቡ ሁኑ፣ ክር እንዳይውጥ።

"እኛ ያመጣነው ለጥበቃ ነው፣ መንከስ ካስተውነው ምን ይሠራልናል?" ብላችሁ ይሆናል፣ አባቴም ያለው ይሄንኑ ነው። ቤት የሚጠብቀው ውሻ የሚጮኸው ነው፣ እንግዳና የቤት ሰው የሚለየው ነው። ይሄ ልዩነት የሚመጣው ደግሞ ገና በሦስትና በአሥራ ሁለት ሳምንት መሀል ብዙ ዓይነት ሰው፣ ባጃጅ፣ ጃንጥላ፣ ሕፃን፣ ሽማግሌ እያየ ሲያድግ ነው። ታስሮ ጨለማ ውስጥ ያደገና በእጅ እየተቆነጠረ "ጃስ!" እየተባለ የተለማመደ ቡችላ ሌባውንም የአክስታችሁን ልጅም እኩል ነው የሚነክሰው። ቦቢ አሁን ማታ በሩ ላይ ኮሽ ሲል ግቢውን በጩኸት ይሞላዋል፣ እኛ ስንወጣ ዝም ይላል። አባቴም ከዛ በኋላ አልተከራከረኝም።

ሰውነቱ ድርቅ ብሎ፣ ዓይኑን ተክሎ፣ ምግቡ ወይ መኝታው ጋ ሲቀርቡት ከልቡ የሚነክስ ቡችላ ካላችሁ ግን ይሄ ከላይ ያልኩት የጨዋታ ንክሻ አይደለም፣ የእንስሳት ሐኪም ያሳዩት፣ የሚያመው ነገርም ሊኖር ይችላል።

የመጨረሻው ቀልድ የሌለው ነገር፣ የእብድ ውሻ በሽታ። የቡችላ ጥርስ መርፌ ነው፣ ቶሎ ያደማል። "ገና ቡችላ ነው፣ ምንም የለውም" አይባልም፣ ቡችላም ይይዘዋል። ካደማ ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ እጠቡትና በዛው ቀን ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል ሂዱ፣ መከተብ ያስፈልግ አያስፈልግ እነሱ ይወስኑ። ቅጠልና በርበሬ ቁስሉ ላይ አታድርጉ፣ ፀበል መሄድ የሚፈልግ ከክትባቱ ጋር ይሂድ እንጂ በክትባቱ ፈንታ አይሁን፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባት አስከትቡት፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል፣ ሌሎቹንም ክትባቶች እስኪጨርስ ከመንደር ውሾች ጋር መሬት ላይ አታቀላቅሉት፣ ሰውና መኪና እንዲያይ ከፈለጋችሁ ታቅፋችሁት ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ስር ጠዋት ጠዋት ቁጭ በሉ። የክትባት ካርዱን ከቤቱ ዶክመንት ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት፣ ሰው ሲነከስ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።